ውሃን በአረፋ ማትነን፤ ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በቁም ቱቦ ውሃ ሞልቶ፣ ከሥሩ ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ሳህን በኩል አየር መንፋት፦ የአረፋ ዓምድ የሚባለው መሣሪያ ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም። አየሩ በአረፋ መልክ ወደ ላይ ሲወጣ እንፋሎት ይዞ ይሄዳል፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ንጹሕ ውሃ ይሆናል፣ ከታች የቀረው ፈሳሽ ደግሞ እየወፈረ ይሄዳል። ይህን መሣሪያ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለአረፋው መጠን ነው። ምክንያት አለው። አንድ ሊትር አየር ባለ 2 ሚሊሜትር አረፋዎች ቢከፋፈል የአረፋዎቹ ገጽ በድምሩ 3 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ያው አየር አንድ ትልቅ ድቡልቡል አረፋ ቢሆን ግን ገጹ 500 ካሬ ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አረፋው በደቀቀና ዓምዱ በረዘመ ቁጥር ትነቱ ይጨምራል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። እኔ ግን የትነቱን ልክ የሚወስነው አየሩ ይዞት የሚገባው ሙቀት ነው እላለሁ።

ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አረፋ በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይወጣል። እንፋሎት ለመጥገብ የሚፈጅበት ጊዜ ደግሞ ከሰከንድ ያነሰ ነው። የመጀመሪያውን 10 ወይም 20 ሴንቲሜትር ካለፈ በኋላ የሚቀረው ጉዞ ምንም አይጨምርለትም፤ እንዲያውም እያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር ውሃ በመንፊያው ላይ 10 ኪሎፓስካል ያህል ግፊት ይጭናል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የሚሰጠው ቴርሞሜትር ነው። 25 ዲግሪ የሆነ ፍጹም ደረቅ አየር 25 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ያለማሞቂያ ይነፋ። ውሃው እየቀዘቀዘ ሄዶ 8 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። በእንስራ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ ኪሎ ውሃ ለመትነን 2,400 ኪሎጁል ገደማ ይፈልጋል፣ ከሌላ ካላገኘ ከራሱ ከውሃው ይወስዳል። በ8 ዲግሪ የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚሸከመው እንፋሎት 8 ግራም ብቻ ነው፤ በ25 ዲግሪ ቢሆን 23 ግራም ይሸከም ነበር። አረፋውን የቱንም ያህል ብናደቀው ይህን ጣሪያ አያልፍም።

አየሩ በ200 ዲግሪ ሲገባስ? በባሕር ጠለል ላይ ውሃው 45 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል፤ አይፈላም። አንድ ኪሎ አየር ከ200 ወደ 45 ሲወርድ 157 ኪሎጁል ገደማ ይለቃል፤ ይህም 65 ግራም ያህል ውሃ ያተናል። ሒሳቡ የሚዘጋው በሙቀት ነው፤ የአረፋው ስፋት በስሌቱ ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ያው አየር ውሃውን 40 ዲግሪ አካባቢ ያረጋዋል። በኪሎ አየር የሚተነው ውሃ ብዙም አይለወጥም። መንፊያ ግን አየርን የሚለካው በሜትር ኩብ ነው፣ የእኛ ሜትር ኩብ ደግሞ ሩብ ያህል ይቀልላል። ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ ሠንጠረዥ እንዳለ የገለበጠ ሰው ምርቱ ሲያንስበት ጥፋቱን በሳህኑ ቀዳዳዎች ላይ ያላክካል።

ዋናው ሙቀት ከሆነ ለምን ውሃውን ዝም ብለን አናፈላውም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ስናፈላ ሙቀቱ በብረት ገጽ በኩል ስለሚያልፍ ካልሲየም ያለበት ውሃ ብረቱን በቅርፊት ይሸፍነዋል፤ ቅርፊቱ ሙቀት ይከለክላል፣ መፋቅም ይጠይቃል። በዓምዱ ውስጥ ግን ሙቀቱ የሚያልፈው በአረፋው ገጽ ነው፤ ያ ገጽ በየቅጽበቱ አዲስ ስለሆነ ቅርፊት የሚይዝበት ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎቹ ክሬግ፣ ኒናምና ፓሽሊ በኔቸር መጽሔት ያወጡት ሥራስ የአረፋን መጠን አያስቀድምም? እነሱ እንዳሳዩት፣ እንደ ገበታ ጨው ያሉ ጨዎች መጠናቸው በሊትር 0.1 ሞል አካባቢ ሲደርስ አረፋዎች እርስ በርስ መዋሃዳቸውን ያቆማሉ። በእኔ ግምት የዚህ ጥቅም ዓምዱን ማሳጠር ነው፤ አጭር ዓምድም የመንፊያውን ወጪ ይቀንሳል። የጠገበን አረፋ ግን ከጥጋቡ በላይ አያሸክመውም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የኃይል ወጪው ነው፤ እሱን አላቃልለውም። ደረጃ በደረጃ የተያያዙ ማትነኛዎች አንዱን ሙቀት ደጋግመው ይጠቀሙበታል። ነዳጅ እያነደደ እንፋሎቱን ወደ ሰማይ የሚለቅ ዓምድ ከእነሱ ጋር አይወዳደርም። ዓምዱ የሚያዋጣው የሚባክን የጭስ ሙቀት ባለበት፣ ወይም እርጥቡ አየር በሁለተኛ፣ ቀዝቃዛ ዓምድ ውስጥ ተነፍቶ ሙቀቱን ለሚገባው ፈሳሽ ሲያስረክብ ነው። አፍዴራ ላይ ፀሐዩና ሜዳው ጨዉን በነፃ ሲያደርቁት ይህን መሣሪያ አልመክርም። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች የመዘፍዘፊያ ውሃ የተለየ ነገር ነው፤ ጨው ስላለበት አረፋው ደቃቅ ሆኖ ይቆያል፣ ግን ከቆዳው የወጣ ፕሮቲንም አለበት። ፕሮቲኑ ከዓምዱ አናት ላይ ወፍራም አረፋ ይከምራል፤ ክምሩ ከሞላ ደግሞ ጨዋማውን ፈሳሽ ይዞ ወደ ንጹሑ ውሃ ይሻገራል። እዚያ ላይ ከዓምዱ ርዝመት ይልቅ ከፈሳሹ በላይ ለሚተው ባዶ ቦታ፣ ፕሮቲኑንም አስቀድሞ ለማጥለል ገንዘብ ማውጣት ይሻላል።