ራስን መቻል በምን ይለካል? ድኻ ቤተሰቦችን ስለ መርዳት በተጻፉ ሁለት ጥናቶች ላይ የቀረበ ሐተታ

«ራሱን ቻለ» የሚለው ቃል በአማራው ገበሬ አነጋገር ከአባቱ ቤት ወጥቶ የራሱን ጎጆ ለቀለሰ፥ መሬትና በሬ ይዞ ከጎረቤቶቹ ጋር በእኩልነት ለቆመ ጐልማሳ የሚነገር ነው። ይህ ሰው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ያለ ሌላ ሰው ይኖራል ማለት አይደለም። እንዲያውም ወንፈል የሚገባው፥ ደቦ የሚጠራው፥ በሬውን ከሌላው በሬ ጋር መቀናጆ የሚያቀናጀው ያን ጊዜ ነው። የቻለ ሰው የሚባለው ከሰው የማይቀበለው ሳይሆን የተቀበለውን የሚመልሰው ነው፤ «ብድር በምድር» መባሉም ስለዚህ ነው።

ዛሬ ይኸው ቃል የመሥሪያ ቤት ቃል ሆኗል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከለጋሾች ጋር በመተባበር የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምን በጀመረ ጊዜ፥ ጉልበት ያላቸው በእርከንና በመንገድ ሥራ፥ በኩሬም ቁፋሮ እየሠሩ እህል ወይም ገንዘብ እንዲቀበሉ፥ ጉልበት የሌላቸው ደግሞ ያለ ሥራ እንዲረዱ ተወሰነ። ከፕሮግራሙ መውጣትም «መመረቅ» ተባለ። ተመራቂ ማለት ዕርዳታው ቢቀርበት የ12 ወር ቀለቡን የሚሸፍንና መለስተኛ ችግር ቢደርስበት የሚቋቋም ቤተሰብ ነው። ትርጓሜው መልካም ነው። በሥራ ላይ ሲውል ግን የቤተሰቡ ሀብት በብር ተገምቶ፥ እያንዳንዱ ክልል ካወጣው ልክ ጋር እንዲነጻጸር ተደረገ። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የሀብት ግምት አንድ ነገር፥ መቻል ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ጥናት ጉሽ በርሃነ፥ ዳንኤል ጊሊጋን፥ ጆን ሆዲኖት፥ ኔሃ ኩማርና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ነው። ጸሓፊዎቹ ለአምስት ዓመት የተረዱትን ለአንድ ዓመት ብቻ ከተረዱት ጋር አነጻጽረው፥ የረኃቡ ወራት በ1.29 ወር እንዳጠረና የከብት ሀብት በ0.38 የከብት መለኪያ እንደ ጨመረ አሳይተዋል። የአንድ ወር ከሳምንት ቀለብ ለልጆች እናት ቀላል ነገር አይደለም። ዕርዳታው ገበሬውን ሰነፍ ያደርገዋል፥ ከብቱንም ያስጥለዋል ለሚሉትም ይህ ውጤት በቂ መልስ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። በዚህ ሚዛን አንድ በሬ ብዙ ጊዜ 0.7፥ አንድ በግም 0.1 ስለሚሰፈር፥ 0.38 ማለት ከግማሽ በሬ ጥቂት የሚበልጥ፥ አራት በግም የማይሞላ ነው። በደጋው እርሻ ሞፈርና ቀንበር የሚጐተተው በጥማድ ነው። በሬ የሌለው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ አንድ በሬ ያለው መቀናጆ ይገባል፤ ሁለት ያለው ግን ዝናቡ በጣለ ማግስት ያርሳል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚታለፈው በአንድ ጊዜ እንጂ በጥቂት በጥቂቱ አይደለም፤ ግማሽ በሬ አያርስም። አማካዩ ቁጥር ከመቶ ቤተሰብ ስንቱ ከባዶ እጅ ወደ መቀናጆ፥ ስንቱስ ከመቀናጆ ወደ ጥማድ እንደ ተሻገረ አይናገርም። የቤተሰቡን ኑሮ የሚለውጠው ግን ይህ መሻገር ነው። እርሻ የወንድ ሥራ በሆነበት አገር ደግሞ ጐልማሳ ወንድ ልጅ የሌላት መበለት በሬ ብታገኝም አራሽ ካላገኘች ጥማዱ ለብቻው አያስችላትም።

ሁለተኛው ጥናት አቢጂት ባነርጂ፥ ኤስተር ዱፍሎ፥ ዲን ካርላንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ነው። ብራክ የተባለው ድርጅት በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረውን ዘዴ ማለት አብዛኛውን ጊዜ እንስሳት መስጠትን፥ ሥልጠናን፥ የቀለብ ድጋፍንና ቁጠባን በአንድነት ይዘው በኢትዮጵያ፥ በጋና፥ በሆንዱራስ፥ በሕንድ፥ በፓኪስታንና በፔሩ 10,495 ተሳታፊዎችን በዕጣ ለይተው መረመሩ። የኢትዮጵያው ክፍል የተካሄደው በትግራይ ነው። ዕርዳታው ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም ለውጡ በአብዛኛው ጸንቶ ተገኘ። ከሆንዱራስ በቀር በሁሉም ዘንድ ጥቅሙ ከወጪው በለጠ፤ በጋና 133 በመቶ፥ በሕንድ 433 በመቶ ሆነ። በሆንዱራስ የተሰጡት ዶሮዎች አብዛኞቹ በበሽታ አልቀዋልና። ጸሓፊዎቹ ይህን ጉድለት ሳይሸሽጉ መጻፋቸው የሚመሰገን ነው።

ነገር ግን በዚህ ጥናት አሠራር አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከሁሉ የባሰ ድኻ ማን እንደ ሆነ ለመለየት የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ቤቶችን በደረጃ እንዲደለድል ተጠይቋል። ውጤቱ ሲለካ ግን ፍጆታ፥ ምግብ፥ ሀብት፥ ቁጠባና ብድር፥ የሥራ ጊዜ፥ ገቢ፥ የአካልና የአእምሮ ጤና፥ የፖለቲካ ተሳትፎና የሴቶች ውሳኔ ዐሥሩ መለኪያዎች ሆኑ፤ የመንደሩ ፍርድ ከዐሥሩ ውስጥ አልገባም። በመግቢያው በር የታመነ ምስክር በመውጫው በር ለምን ይታለፋል? ድኽነትን የሚያውቅ ጎረቤት መቻልንም ያውቃል። እገሌ ዘንድሮ ዘር አበደረ፥ እገሊት ለዕድሩ ሳትለምን ከፈለች፥ እገሌ ደቦ ጠርቶ ጠላውን አላሳነሰም ብሎ ሊመሰክር ይችላል። በረት ውስጥ የቆመው ከብት የርቢ ይሁን ወይም የቤቱ፥ የሚያውቀውም እርሱ ነው፤ ቈጣሪው ግን ቀንድ ይቈጥራል እንጂ ባለቤቱን አያይም።

የጎረቤት ምስክርነት ያለ ነቀፋ ሊወሰድ ይገባል ማለት አይደለም። ዝምድና፥ ቅናትና የቀበሌ ሹም ፊት ፍርድን ያጣምማሉ፤ ዕርዳታው ይቋረጥብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰውም ሀብቱን ያሳንሳል። የመንደሩ ፍርድ ከዕጣው ንጽጽር ጎን እንዲቆም ያሻል እንጂ እንዲተካው አይደለም። የባህል ተመራማሪዎችም በበኩላቸው ሊወቀሱ ይገባል፤ ወንፈልና መቀናጆን በዝርዝር ይጽፋሉ እንጂ በአንድ ቀበሌ ስንት ቤት መቀናጆ እንደሚገባና ስንቱ እንደ ወጣ ዓመት በዓመት አይቈጥሩም። ቃሎቹም ከአገር አገር ይለያያሉ፤ የአማራው ወንፈል ለትግራይ ገበሬ መለኪያ ከመሆኑ በፊት የዚያ አገር ሰው የራሱ ቃል መጠየቅ አለበት።

የሁሉም መለኪያ ፈተና ክፉ ዓመት ነው። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። የሁለቱ ጥናቶች መረጃ የተሰበሰበው ከዚያ በፊት ነው። የትግራይ ምድርም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የጦርነት አውድማ ሆነ። እንደዚህ ያለውን መዓት ቤተሰብ ብቻውን ሊቋቋመው አይችልም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ከመዓቱ በኋላ ማን ዘር አገኘ፥ ከማንስ ዘንድ የሚለው ነው። መልካም ዝናብ በዘነበበት ዓመት በብር ተገምቶ የተመረቀ ቤተሰብ በመዝገብ ላይ ከድኽነት ወጥቷል፤ ቀለቡም ተቋርጧል። መለኪያው ተሳስቶ ከሆነ ስሕተቱን የሚከፍለው መለኪያውን ያወጣው ሰው አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ ጐተራው ባዶ የሆነበት ቤት ነው።