ከበሮውና ቀለበቱ

ስለ ቢትልሶች ‹‹ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ›› ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈውም በአመዛኙ ስለ መሣሪያ ነው። አንብቦ ለጨረሰ ሰው ዘፈኑን የሠራው የቴፕ መቅጃው እንጂ ሙዚቀኛው አይመስለውም። ይህን አልቀበልም።

የመሣሪያው ታሪክ አስደናቂ መሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1966 ለንደን በሚገኘው የኢ.ኤም.አይ. ስቱዲዮ ለ‹‹ሪቮልቨር›› አልበም መጀመሪያ የተቀረጸው ይኸው ዘፈን ነበር፤ በአልበሙ ላይ ግን መጨረሻ ተቀመጠ። ፖል ማካርትኒ ጫፍና ጫፋቸው ተጣብቆ እንደ ቀለበት የሚዞሩ ቁርጥራጭ የቴፕ ክሮች ከቤቱ ይዞ መጣ። ክሮቹ በሕንፃው ውስጥ በየቦታው ባሉ መቅጃዎች ላይ ተጠመዱ፤ ሠራተኞቹ እንዳይላሉ በእርሳስ ወጥረው ያዟቸው፤ አዘጋጁ ጆርጅ ማርቲንና የሃያ ዓመቱ የቀረጻ ባለሙያ ጄፍ ኤመሪክ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ እያደረጉ እዚያው በቁማቸው ቀላቀሉት። ያ ቅልቅል ሁለተኛ አይደገምም። ጆን ሌነን ድምፁ ከተራራ ጫፍ እንደሚያዜም ዳላይ ላማ እንዲሆንለት ቢጠይቅ፣ ኤመሪክ በሃሞንድ ኦርጋን ተሽከርካሪ ድምፅ ማጉያ አሳልፎ ሰጠው። (ሌነን በኋላ እውነተኛ መነኮሳት ቢያዜሙ ይሻል እንደነበር ተናግሯል። እኔ እንኳን ቀሩ እላለሁ።)

ታዲያ ይህ ሁሉ ግርግር በምን ላይ ቆመ? በሪንጎ ስታር ከበሮ ላይ። ኤመሪክ የሱፍ ሹራብ ትልቁ ከበሮ ውስጥ ጎስጉሶ፣ የቤቱን ደንብ ጥሶ ማይክሮፎኑን አስጠጋው። ሪንጎም ያንኑ የሚሰናከል የሚመስል ምት ሳይሰለች፣ ሳያሳምር፣ እስከ መጨረሻው መታ። ዜማው ከሞላ ጎደል ከአንድ ኮርድ አይነቃነቅም። በማሲንቆ ላደገ የእኛ ጆሮ ይህ ብርቅ ላይሆን ይችላል፤ ለምዕራቡ የፖፕ አድማጭ ግን ቤቱ ያለ ምሰሶ የቆመ ያህል ነበር። ምሰሶው ከበሮው ነው።

ግጥሙ መነሻው የቲሞቲ ሊሪና የባልደረቦቹ የ1964 መጽሐፍ ነው፤ ብቻውን ቢነበብ ስብከት ነው። ሌነንም ሳይከብደው አልቀረም፤ ክብደቱን ለማቅለል ሲል ከሪንጎ አፍ ባመለጠ የተንሻፈፈ አነጋገር ሰየመው። ደግ አደረገ።

የምለውን የሚጠራጠር፣ ይኸው ባንድ በ1968 ያወጣውን ‹‹ሪቮሉሽን 9›› ያዳምጥ። ክሩ በዝቷል፣ ድፍረቱም ጨምሯል፤ ርዝመቱ ከስምንት ደቂቃ በላይ ነው። ግን የሚይዘው ምት የለም፤ ድምፆቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ አንዱ ሌላውን አይጠራውም። ያደንቁታል እንጂ ደግመው አያደምጡትም። የመጀመሪያውን ግን ሦስት ደቂቃው አልቆ መልሼ ያላስነሳሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

መዝጊያው ላይ ሁሉም ድምፅ እየራቀ ሲሄድ የመጠጥ ቤት ዓይነት ፒያኖ ብቅ ይላል። ምን ሊሠራ እንደገባ እስካሁን አልገባኝም፤ ቢያወጡት ግን ቅር ይለኛል።