በዝናብ መሃል በጋ መሥራት

ሴፕቴምበር ላይ የማያምር ዳሊያ የለም። ሲያትል ውስጥ ቮለንቲር ፓርክ፣ ከመስታወቱ የዕፅዋት ቤት አጠገብ ያለውን የዳሊያ መደብ በዚያ ሰሞን ያየ ሰው አፉን ከፍቶ ቢቀር አይፈረድበትም። የአትክልተኛን እጅ ለመመዘን ግን ወሩ አይመችም፤ በሜይ ተገዝቶ የተተከለውም፣ የብርዱን ወራት መሬት ውስጥ ያሳለፈውም ያን ጊዜ እኩል ፈክተው ይቆያሉና። መመዘን የሚፈልግ ኖቬምበር ላይ አንዴ፣ ኤፕሪል ላይ አንዴ ይሂድ።

ምን እንደሚያይ ለማወቅ የአበባውን አገር ማሰብ ይበጃል። ሲያትል ዳሊያን የከተማዋ አበባ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1913 ቢሆንም፣ ተክሉ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋ ልጅ ነው። በሜክሲኮ ደጋ ዝናቡ እንደ እኛ ክረምት ከጁን አካባቢ ጀምሮ ይወርዳል። ከዚያ ምድሩ ይደርቃል፤ ዳሊያም ከላይ ጠውልጎ፣ ስንቁን ባበጡት ሥሮቹ ቋጥሮ ይተኛል። የሲያትል ሰማይ ይህን ገልብጦታል። የሙቀቱ ወራት ደረቅ ናቸው፤ ዝናቡ የሚበረታው ተክሉ በሚተኛበት፣ ከኦክቶበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። ብርዱ አፈሩን ወደ ታች ዘልቆ በረዶ የሚያደርግበት ቀን ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ውርጭ ገደለብኝ» ከሚባለው ብዙው በውሃ የበሰበሰ ነው። እዚህ ዳሊያን መሬት ውስጥ ማክረም በዝናብ መሃል በጋ መሥራት ነው፤ ሥራውም የሚለካው በዚሁ ነው።

አፈሩ

መጀመሪያ መደቡ የት እንዳለ ይታይ። ጥሩ መደብ ከዙሪያው ከፍ ይላል ወይም ተዳፋት ላይ ይውላል፤ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃም አይደርስበትም። ለማረጋገጥ ከመደቡ ጎን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ውሃ መሙላት ነው። ውሃው በማግስቱም ካልሰረገ፣ ዳሊያን እዚያ ትቶ መክረም ሙያ ሳይሆን ድፍረት ነው። ውሃ የሚያቁር ጭቃማ አፈር ያለው ሰው ሥሩን አውጥቶ፣ ውርጭ በማይገባው ጋራዥ ቢያስቀምጥ ከጎረቤቱ የተሻለ ፍርድ አለው።

አቆራረጡ

ውርጭ ቅጠሉን ካጠቆረው በኋላ አገዳው ይቆረጣል። ጀማሪ ቆርጦ ይሄዳል። የዳሊያ አገዳ ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ የቀረው ጉቶ ዝናቡን እየተቀበለ ወደ አናቱ ያወርዳል። አናቱ አገዳውና ሥሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ የከርሞው ዓይኖች ያሉትም እዚያ ብቻ ነው። ድንች ገላው ሁሉ ዓይን አለው፤ የዳሊያ ሥር ግን የቱንም ያህል ቢወፍር ከአናቱ ቁራጭ ካልያዘ አይበቅልም። አናቱ በሰበሰ ማለት ተክሉ አለቀ ማለት ነው። ጎንበስ ብለው ጉቶዎቹን ይዩ። አፋቸው በፎይል ታስሮ ወይም አፈር ለብሶ ካገኙት፣ ባለቤቱ ሥራውን ያውቃል። አጠገቡ የዝርያው ስም የተጻፈበት ካስማ ካለ ደግሞ፣ በፀደይ አካፋ የት ማረፍ እንደሌለበትም አስቀድሞ አስቧል።

ጉዝጓዙ

ብዙ ተመልካች የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ጉዝጓዙ በወፈረ ቁጥር ሥራው የተሻለ ይመስለዋል። ለሲያትል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ዋናው ጥያቄ ከሥሩ ያለው ደረቅ ነው ወይ የሚለው ነው። እርጥብ ጋቢ አያሞቅም፤ በዝናብ ርሶ የተጣበቀ የዛፍ ቅጠልም እንዲሁ ነው፣ አናቱን ያፍነዋል። የለመደ እጅ መጀመሪያ አየር የሚያሳልፍ ነገር፣ የጥድ ቅርንጫፍ ወይም ደረቅ ጭድ፣ ያነጥፋል። ከላዩ ውሃ የማያሳልፍ ሸራ ዘንበል አድርጎ ይደርባል፤ የሸራው ጠርዝም ሥሮቹ ከተዘረጉበት አልፎ ይወርዳል። ባለቤቱ ከፈቀደ ጣትዎን ከጉዝጓዙ ሥር ይስደዱ፤ አፈሩ ሲጨመቅ ውሃ ካወጣ ሸራው ለታይታ ነው።

የኤፕሪሉ ትዕግሥት

በፀደይ የሚመዘነው ባለቤቱ ያልነካው ነገር ነው። ጉዝጓዙንና ሸራውን ዘግይቶ የገፈፈ ሰው ቡቃያው ነጣ ብሎ፣ ቀጥኖና ረዝሞ ይታያል። ቸኩሎ የገፈፈ ደግሞ ሌሊት ውርጭ ይመታበታል፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ከአናቱ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ነገር ግን ሳምንታት ያባክናል። ጥሩው ቀስ በቀስ እየገፈፈ፣ ለቀዝቃዛ ሌሊት መሸፈኛውን ቅርብ ያኖራል። ቡቃያ ሳያይ ውሃ አያጠጣም። ዛጎል አልባው ቀንድ አውጣ ለጋውን ቡቃያ ከአፈር እንደወጣ ስለሚግጠው፣ መከላከያውን ቀደም ብሎ ይበትናል፤ ውሻና ልጅ ባለበት ግቢ አይረን ፎስፌት ያለበትን ይመርጣል። አንዳንዱ ዝርያ እስከ ሜይ ስለሚተኛ፣ አልበቀለም ብሎ በአካፋ አይወጋውም፤ አፈሩን በእጁ ገለጥ አድርጎ አናቱን ይጫነዋል። ጠንካራ ከሆነ ሕይወት አለው፤ ልፍስፍስ ካለና ከሸተተ ማውጣት ነው።

ቡቃያውን መምረጥ

መሬት የከረመ ዳሊያ በአንዴ ብዙ ቡቃያ ሊያወጣ ይችላል፤ ሁሉንም መተው ስስት ነው። አበባው ሰፋፊ ለሆነ ዝርያ ሁለት ሦስት ጠንካራ አገዳ ይበቃል፤ ለትንንሹ ጥቂት ቢጨመር አይጎዳም። ሦስት አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉ ይቀነጠባል፤ ተክሉም ወደ ጎን ይበረታል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠል እንጂ አበባ አያበዛም። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ደግሞ የተጨናነቀው ሥር ወጥቶ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ዓይን እንዲይዝ ተደርጎ ይከፈላል። ቅጠሉ በደም ሥሮቹ ዙሪያ ቢጫ እየሆነ የቀጨጨ ተክል ካዩና ባለቤቱ «ያሳዝነኛል» ብሎ ካቆየው፣ ነጥብ ይቀንሱበት፤ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ በመቁረጫና በተባይም ወደ ጎረቤቱ ተክል ይሻገራል።

በመጨረሻ ባለቤቱን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ የሚወደውን ዝርያ የት ነው ያከረመው? ሁሉንም መሬት ውስጥ ተውኩት የሚል ሰው ዘንድሮ ቀንቶት ይሆናል። መደቡን በሚገባ ሸፍኖ፣ የማይተካውን ግን ከፍሎ አንዱን ቁራጭ ጋራዥ ያስገባ ሰው ግን የሲያትልን ዝናብ ያውቀዋል፤ ከፍተኛው ነጥብ የሱ ነው።