ፀሐይ ያተመቻቸው የባሕር ዕፀዋት

ብሩሽ ሳይነካው የተሠራ ሥዕል በእርግጥ ሥዕል ነውን? ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው እንግሊዛዊቷ አና አትኪንስ እ.ኤ.አ. ከ1843 እስከ 1853 ያዘጋጀችው የብሪታንያ አልጌዎች የኅትመት ስብስብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1799 ኬንት ውስጥ የተወለደችው አትኪንስ ለሥዕል እንግዳ አልነበረችም። አባቷ ጆን ጆርጅ ቺልድረን የላማርክን የዛጎል ጥናት ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ፣ ከ200 የሚበልጡትን ሥዕሎች የሣለችለት እርሷ ናት። ስለዚህ እጇን ትታ ወደ ፀሐይ የዞረችው መሣል ስለተሳናት አይደለም። ዊሊያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1841 ስለ ብሪታንያ አልጌዎች ያሳተመው መጽሐፍ ሥዕል አልነበረውም፤ ደቃቅ የሆኑትን ዕፀዋት በትክክል መሣል ደግሞ፣ በመግቢያዋ እንደገለጸችው፣ እጅግ አዳጋች ነበር።

የተጠቀመችበት ዘዴ ጆን ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1842 ያገኘው ሳያኖታይፕ ነው። ሁለት የብረት ጨዎች በውኃ ተበጥብጠው ወረቀት ይቀባሉ፤ ወረቀቱ በጨለማ ከደረቀ በኋላ ዕፁ ይዘረጋበትና በመስተዋት ተጭኖ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ብርሃን የነካው ሰማያዊ ይሆናል፤ ዕፁ የከለለው ሲታጠብ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መሐንዲሶች ኋላ የሕንፃ ንድፍ ሲያባዙበት የኖሩት ይኸው ዘዴ ነው።

የሥራዎቹ ውበት የሚመነጨው ከአልጌው ስስነት ነው። ቅጠል በቅጠል ላይ በተደረበበት ስፍራ ነጩ ይደምቃል፤ ነጠላ በሆነበት ወደ ሰማያዊው እየቀለጠ ይሄዳል። ደርቆ የተጫነው ዕፅ በውኃ ውስጥ እንደሚወዛወዝ ሆኖ ይታያል፤ ወረቀቱም ባሕሩን ይሆናል። ይህን ፀሐይ ብቻዋን አልሠራችውም። ቅርንጫፉን ከቅርንጫፉ የለየ፣ ክሩ እንዳይቆላለፍ የዘረጋ፣ ባዶው ስፍራ ምን ያህል እንዲሆን የወሰነ እጅ አለ። ያ እጅ ደግሞ 200 ዛጎሎችን በመሣል የሠለጠነ ነበር።

ጉድለቱም ሊሸፈን አይገባም። ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ቡናማውም አልጌ እኩል ሰማያዊ ሆነዋል፤ ይህ ለዕፀዋት ተመራማሪ ቀላል ኪሣራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1853 ከወዳጇ ከአን ዲክሰን ጋር ያዘጋጀቻቸው የፈርን ኅትመቶችም ይበልጥ ያጌጡ ናቸው እንጂ የበለጡ አይደሉም። ወፍራሙ ቅጠል ብርሃን ስለሚከለክል ብዙውን ጊዜ ዓይን የሚያገኘው የጠርዙን ቅርጽ ነው፤ ያ የውኃ ጥልቀት የለም።

አትኪንስ በመግቢያዋ ላይ ያሰፈረችው «ኤ. ኤ.» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ብቻ ነው። ከሞተች በኋላ ፊደላቱ «ስሙ ያልታወቀ አማተር» ማለት ናቸው ተብለው የተተረጎሙበት ጊዜም ነበር፤ ገጽ በገጽ በእጅ ታትሞ ለጥቂቶች ብቻ የተዳረሰ መጽሐፍ ይህ ቢደርስበት አያስገርምም። ለኸርሼል የሰጠችው ቅጂ ዛሬ በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያው ቤተ መጻሕፍት ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ፣ ርእሱ ስሟን በሙሉ የያዘ ነበር።