የማይናወጥ ብርሃን

ክዳኑ ተነስቶ በአጉሊ መነጽር ሥር ያስቀመጥኩት ሳጥን ከክብሪት ቀፎ ያንሳል። በግራና በቀኙ ሰባት ሰባት የብረት እግሮች ተዘርግተዋል፤ ባለሙያዎቹ «ቢራቢሮ» የሚሉት ለዚህ ነው። ከአንዱ ጫፉ የመስታወት ክር ይወጣል። በእግሮቹ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፣ በክሩ የሚወጣው ብርሃን። በሁለቱ መካከል ያለውን ለማየት ስጎነበስ ሳላስበው ትንፋሼን እይዛለሁ።

ውስጡ በወርቅ የተለበጠ ነው። መሐል ላይ ከጤፍ ፍሬ ያነሰች የኢንዲየም ፎስፋይድ ቺፕ ተቀምጣለች። ሌዘሯ እሷ ናት። ከፀጉር የቀጠኑ የወርቅ ሽቦዎች ጎበጥ ጎበጥ ብለው ጅረት ያቀብሏታል፤ የአንዱ ጉብታ ከጎረቤቱ ጉብታ አይበልጥም፣ አያንስም። በዓይን የማይታየው ሥራ ደግሞ ከዚህም ይረቃል። በቺፗ ሆድ ውስጥ በ240 ናኖሜትር ገደማ ልዩነት የተደረደሩ መስመሮች አሉ። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 1550 ናኖሜትር ላይ እንዲረጋ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። መስመሮቹ ከተቀረጹ በኋላ ሌላ ክሪስታል በላያቸው እንዲያድግ ተደርጎ ተቀብረዋል። ጥለቱን በኩታው እጥፋት ውስጥ የሸሸገ ሸማኔ ብናገኝ ምን እንለው ነበር?

ከቺፗ ፊት ለፊት የፋይበሩ ጫፍ አለ። ክሩ 125 ማይክሮን ይወፍራል፤ ብርሃን የሚጓዝበት እምብርቱ ግን 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። ከሌዘሯ የሚወጣው ጨረር ገና ብቅ ሲል ስለሚበተን፣ የክሩ ጫፍ ራሱ እንደ ሌንስ ሾል ብሎ ተሞርዷል። ክሩ በአንድ ማይክሮን ቢያፈነግጥ ከብርሃኑ ብዙ ሜዳ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አገጣጣሚው ሌዘሯን አብርቶ፣ ዓይኑን ከብርሃን መለኪያው ሳይነቅል፣ ክሩን ከማይክሮን ባነሰ እርምጃ እየገፋና እየመለሰ ብርሃኑ የሚበረታበትን ቦታ ያስሳል። ሲያገኘው የክሩን ማቀፊያ በሁለት ጎን፣ በአንድ ቅጽበት፣ በሌላ ኃይለኛ ሌዘር ይበይደዋል።

ፈተናው ከዚህ በኋላ ነው። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ያን ያህል ተለፍቶ የተገኘውን ክር ይዞት ይሄዳል። በመነጽሩ ውስጥ ሁለት ትይዩ የብየዳ ነጥቦች ይታዩኛል፤ ከእነሱ ራቅ ብላ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሦስተኛ ነጥብ አለች። ማረሚያ ናት። ብረቱ ወደ አንድ ወገን የጎተተውን ክር ወደ ቦታው እንድትመልስ ታስባ የተመታች ናት። ብረት ሲቀዘቅዝ ወዴት እንደሚሳብ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚመታው። ከመላው ሳጥን አብልጬ የማደንቀው እሷን ነው።

ከቺፗ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ንጣፍ፣ ከአጠገቧም ሙቀት የሚለካ ቅንጣት አለ። ሌዘሯ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ብትሞቅ የሞገድ ርዝመቷ በ0.1 ናኖሜትር ገደማ ይሸሻል። በእንዲህ ያለ ብርሃን፣ በፋይበር አማካይነት የመሬትን ንዝረት ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ሽሽት ትልቅ ነው። የመሬቱ ንዝረት የሚነበበው ከክሩ ውስጥ ተበትኖ በሚመለሰው ደካማ ብርሃን ላይ ካለው ጥቂት ለውጥ ነው። ብርሃኑ ራሱ ከተናወጠ፣ ያልተነቃነቀውን መሬት ተነቃነቀ ይላል።

ለዚህ ማዳመጥ ብርሃኑ በአጭር በአጭር ምት ይላካል። የኤሌክትሪኩን ምልክት ወደ ብርሃን ምት ለመለወጥ ሌዘሯን ማብራትና ማጥፋት የሚበቃ ይመስላል። ጅረቷ ሲቆራረጥ ግን የሞገድ ርዝመቷ ይዋዥቃል። ስለዚህ እሷ ሳታቋርጥ ትበራለች፤ ምቱን የሚቆርጠው ከፊቷ የሚቆም በር ነው። አንዱ ዓይነት በር ክሪስታል ነው። ምልክቱ ክሪስታሉን ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ያንቀጠቅጠዋል፤ የድምፁ ሞገድ ብርሃኑን አጠፍ አድርጎ ወደ ክሩ ያስገባዋል። ድምፁ ዝም ሲል ብርሃኑ ክሩን ስቶ ያልፋል።

በሩ ምን ያህል ጥብቅ መሆን እንዳለበት የገባኝ ሳሰላው ነው። 10 ኪሎ ሜትር ፋይበር ውስጥ ብርሃን ደርሶ ለመመለስ 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ቀጣዩ ምት እስከዚያ መጠበቅ አለበት። ምቱ 10 ናኖሰከንድ ቢቆይ፣ በመስታወቱ ውስጥ 2 ሜትር ይረዝማል፤ በሩም የሚከፈተው ከ10,000 አንድ እጅ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። ሲዘጋ ከ1,000 አንድ እጅ የሚያሾልክ በር ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን በተዘጋበት ጊዜ ሁሉ የሾለከው ሲደመር የምቱን 10 እጥፍ ይሆናል፤ ማሚቶው በውስጡ ይሰጥማል። ሠሪዎቹ ሲዘጋ ከ100,000 አንድ እጅ እንኳ የማያሳልፍ በር ሠርተዋል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2018 በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ወለል ላይ የተዘረጋው የምርምር ገመድ ለጥገና ቆሞ ነበር። ተመራማሪዎች ከፋይበሩ 20 ኪሎ ሜትሩን ለአራት ቀን በእንዲህ ያለ የብርሃን ምት አዳመጡት። በየ2 ሜትሩ መለኪያ የተተከለ ያህል ወደ 10,000 የሚጠጉ ነጥቦች አገኙ። በእነዚያ ቀናት ጊልሮይ አጠገብ የደረሰው፣ መጠኑ 3.4 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ በክሩ ላይ አለፈ፤ ቀድሞ በካርታ ያልሰፈሩ ስንጥቆችም ከባሕሩ ወለል ሥር ታዩ። በገመዱ ላይ አንድም መለኪያ አልተተከለም። የተጨመረው በየብስ ባለው ጫፉ ላይ የተገጠመው መሣሪያና ከእሱ የሚወጣው ብርሃን ብቻ ነበር።