ሰላም ለኪ፣ ካርታሄና

ሰላም ለኪ፣ የካሪቢያን ባሕር እመቤት ካርታሄና! ማዕበል ከእግርሽ ሥር ሲሰግድ የሚያድርልሽ፣ ነፋስ ጠዋት ማታ ደጅሽን የሚጠናሽ፣ ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ከቅጥርሽ ዓይኗን የማትነቅልልሽ፣ ሰላም ለኪ! ስምሽ በሙሉ ሲጠራ ካርታሄና ዴ ኢንዲያስ ነው፤ በስፔን ካለችው ሞክሼሽ እንዲለይሽ የወጣልሽ። ፔድሮ ዴ ኤሬዲያ የተባለው ስፔናዊ እ.ኤ.አ. በ1533 ቆረቆረሽ ተብሎ ተጽፏል። እርሱ መልሕቁን ከመጣሉ በፊት ግን ካላማሪ የምትባል የባለአገሮቹ መንደር በዚያው አሸዋ ላይ ጭሷ ይጨስ ነበር። ዕድሜሽን የሚቆጥር ሁሉ ከዚያች መንደር ይጀምር።

የአገሬ ሊቃውንት መልክ ሲደርሱ ከራስ ፀጉር ተነሥተው እስከ እግር ጥፍር ይወርዳሉ፤ ለእያንዳንዱ ሕዋስ ሰላምታ ያቀርባሉ። እኔም የነርሱን ሥርዓት ተከትዬ፣ አቅሜ በፈቀደ መጠን፣ ላንቺ መልክ ልድረስ ወደድሁ። ፀጉርሽን ብቻ ወደ ኋላ አቆየዋለሁ፤ ቦታው እዚያ ነው።

ሰላም ለራስሽ፣ ላ ፖፓ ለሚባለው ኮረብታ! ቁመቱ 150 ሜትር ቢሆን ነው፤ ለጥ ባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ግን ተራራ ነው። ከባሕር የመጡ መርከበኞች በሩቁ ሲያዩት የመርከብ የኋላ ክፍል ቢመስላቸው ይህንን ስም ሰጡት። ከጫፉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1607 የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኮሳት የመሠረቱት ገዳም ተቀምጧል፤ በፌብሩዋሪ 2 ቀን የእመቤታችን የካንዴላሪያ በዓል ሲደርስ ምእመናን ዳገቱን ይወጣሉ። አንቺን ሊያይ የመጣ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ እዚህ ይውጣ። ከዚህ ሆኖ የአሮጌውን ከተማ ቀያይ የሸክላ ጣሪያዎች፣ የቦካግራንዴ ሠፈርን ነጫጭ ፎቆችና በመካከላቸው እንደ ጣት እየተዘረጋ የሚገባውን ባሕር ባንድ እይታ ይሰበስባል።

ሰላም ለመቀነትሽ፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚጠመጠመው ቅጥርሽ! ይህን መቀነት የታጠቅሽው ከድንጋጤ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1586 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ ገብቶ ዘረፈሽ፤ ቤቶችሽን አቃጠለ፤ 107,000 ዱካት ቤዛ ካልተቀበለ አልወጣም አለ። እርሱ ከሄደ በኋላ ባቲስታ አንቶኔሊ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ንድፍሽን ነደፈ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ አንዱ ንጉሥ ሲሞት ሌላው እየተተካ ሥራው ሁለት መቶ ዓመት ፈጀ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1984 በዓለም ቅርስነት መዝግቦሻል። ወደ ግንቡ ተጠግቶ ድንጋዩን በጣቱ የዳሰሰ ሰው ግን ከመዝገቡ የሚበልጥ ያገኛል። ድንጋዩ የኮራል ድንጋይ ነው፤ ፊቱ ላይ የዛጎል ቅርጽና እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ገላ ይታያል። ባሕር ያሳደገውን አካል ሰው ቆርጦ መልሶ ባሕርን ከለከለበት። የቆረጡት፣ የተሸከሙትና የካቡት እጆች በአብዛኛው በሰንሰለት የመጡ የአፍሪካ ልጆች እጆች ነበሩ። ማታ ማታ ፍቅረኞች በመድፍ መስኮቶቹ ውስጥ ተቃቅፈው ፀሐይ ስትጠልቅ ያያሉ፤ ነፋሱ ያን ጊዜ ይበርዳል፤ ቀኑን ሙሉ ያቃጠለው ድንጋይ ግን ሙቀቱን ገና አልለቀቀም። በዚያ ሰዓት በቅጥርሽ ላይ መሄድን የሚያህል ደስታ አላውቅም።

ሰላም ለዓይንሽ፣ እንቅልፍ ለማያውቀው ለሳን ፌሊፔ ዴ ባራሃስ ምሽግ! በሳን ላሳሮ ኮረብታ ላይ ተደላድሎ የሚያየው፣ መጥቶ የሚሄደውን ሁሉ የሚቆጥረው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1741 የእንግሊዙ አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን 180 ያህል መርከቦች አሰልፎ መጣብሽ። የተቀበለው ብላስ ዴ ሌሶ አንድ እግሩን፣ አንድ ዓይኑንና የአንድ ክንዱን ጥቅም በልዩ ልዩ ጦርነት ያጣ የባሕር አለቃ ነበር። ከሰውነቱ የተረፈውን ሁሉ ላንቺ ሰጠ። ሎንዶን ውስጥ ደግሞ ሳይገድሉ ጎፈሬ ሆነና፣ ሌሶ በቨርነን ፊት ተንበርክኮ የሚያሳይ ሜዳሊያ ከወዲሁ ተቀርጾ ተሠራጨ። ወራሪው ግን ምሽጉን ሊወጣ ቢሞክር ወደቀ፤ ወባና ቢጫ ወባም የቀረውን አጨዱት፤ መርከቦቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሌሶ በዚያው ዓመት ታሞ በቅጥርሽ ውስጥ አረፈ። ዛሬ ሐውልቱ በምሽጉ ሥር ቆሟል፤ በአንድ እግሩ፣ ሰይፉን መዝዞ።

ወደ ምሽጉ የወጣ ሰው ከግንቡ አናት ብቻ አይመለስ፤ ወደ ዋሻው ይውረድ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፣ አየሩ የረጠበ ድንጋይ ይሸታል። ከፊት የሄደው ጓደኛ ታጥፎ ከዓይን ሲሰወር እንኳ ኮቴው አጠገብ ያለ ያህል ይሰማል። መሐንዲሶቹ እንዲህ ያደረጉት አውቀው ነው፤ በጨለማ የቆመው ዘብ የሚመጣውን ጠላት ገና ሳያየው በጆሮው እንዲያውቀው። ዓይንሽ ጆሮም አለው ማለት ነው፣ ካርታሄና!

ሰላም ለአፍሽ፣ ለሰዓት ማማው በር! በቢጫ ግንቡ ሥር ባሉት ቅስቶች ያለፈ ሁሉ የሠረገሎች አደባባይ ላይ ይወጣል። ወዲያው በስተግራ በኩል የጣፋጮች በረንዳ ይቀበለዋል፤ ሴቶች በትልልቅ የመስታወት ገንቦዎች ኮኮናት፣ ታማሪንድ፣ ፓፓያና ወተት በስኳር ያበሰሉትን ደርድረው ተቀምጠዋል። እንደ ፈንዲሻ የፈነዳ ደቃቅ እህል በኮኮናትና በሸንኮራ አገዳ ጥቁር ስኳር ተለውሶ፣ ተድቦልቡሎ የሚሸጥ አንድ ጣፋጭ አለ። ስሙ አሌግሪያ ነው፤ ደስታ ማለት ነው። ሲነክሱት ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፤ ስኳሩ ጣት ላይ ይቀራል። ደስታን በሁለት ጣት ይዞ የመሄድ ዕድል የሚሰጥ ከተማ ስንት ይሆን!

ጣፋጩን የቀመሰ ግን የቆመበትን መሬት ይወቅ። ይህ አደባባይ የሰው ገበያ ነበር። ከአንጎላ፣ ከኮንጎና ከጊኒ ጠረፍ የተጫኑ ወንዶችና ሴቶች፣ ከመርከብ ሆድ ወጥተው በዚህ ፀሐይ ቆመው ጥርሳቸው እየታየ ተሸጠዋል። ስፔን በአሜሪካ ምድር ባሪያ እንዲራገፍባቸው ከፈቀደቻቸው ዋና ወደቦች አንዱ አንቺ ነበርሽ። ይህን ሳልናገር ባወድስሽ ውዳሴዬ ግማሽ ይሆናል፤ አንቺም ራስሽ አልደበቅሽውም።

ሰላም ለልብሽ፣ ለሳን ፔድሮ ክላቬር ቤተ ክርስቲያን! እዚህ ላይ ብዙ እቆማለሁ፤ አንባቢ ይታገሠኝ። ክላቬር በካታሎንያ በቬርዱ መንደር ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1610 ወደዚህ የመጣ ኢየሱሳዊ ነበር። የባሪያ መርከብ ደረሰ በተባለ ቁጥር በጀልባ ወጥቶ ይቀበል ነበር፤ ውኃ፣ ብርቱካንና ሎሚ ይዞ፣ ቋንቋቸውን የሚያውቁ አስተርጓሚዎች አስከትሎ። አስተርጓሚዎቹ ራሳቸው ባሪያዎች ነበሩ። ሌላው ሰው ሽታውን ሸሽቶ አፍንጫውን ይዞ በሚመለስበት የመርከብ ሆድ ውስጥ እርሱ ይገባል፤ ቁስል ያጥባል፤ የራሱን ካባ አውልቆ በሽተኛ ያለብሳል። እ.ኤ.አ. በ1622 የመጨረሻ መሐላውን ሲፈጽም ከስሙ ቀጥሎ በላቲን ቋንቋ አንድ ነገር ጻፈ፤ ትርጉሙ፣ ለዘላለም የኢትዮጵያውያን አገልጋይ።

የኢትዮጵያውያን! በዚያ ዘመን አውሮፓ ጥቁርን ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። የክላቬር መምህር አሎንሶ ዴ ሳንዶቫልም እ.ኤ.አ. በ1627 በሴቪል ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ርዕስ ላይ ይኸው ስም አለ። ከሽያጩ መድረክ የወረዱት ልጆች ጎንደርንም ጎጃምንም አያውቁም ነበር፤ ስማችን ግን በላያቸው ላይ ተጠራ። በዚያው በ1622 ዓመት ሌላው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ፔድሮ፣ ፔድሮ ፓኤዝ፣ በጣና ዳር በጎርጎራ ዐረፈ። አንዱ ፔድሮ በኢትዮጵያ ምድር ነገሥታትን ሲያነጋግር፣ ሌላው ፔድሮ በውቅያኖስ ማዶ ኢትዮጵያውያን ተብለው የተጠሩትን እግር ያጥብ ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከሮም ተነሥቶ አንቺን ለማየት የሚመጣ ያገሬ ልጅ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲቆም ባዕድ አይደለም፤ ስሙ ከእርሱ አራት መቶ ዓመት ቀድሞ ደርሷል።

ክላቬር በስተርጅና እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ከአልጋው መነሣት አቅቶት፣ ብዙ ሰው ረስቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1654 ሞተ። በ1888 ሮም ቅድስናውን አወጀች። አጽሙ በመንበሩ ሥር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይታያል። ከጎኑ ያለው ገዳም ግቢ ዛፍና ጉድጓድ አለው፤ ጥላው ይበርዳል፤ ላይኛው ፎቅ ላይ የኖረባትና የሞተባት ጠባብ ክፍል አለች። በዚያች ክፍል ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ጎብኚ አላየሁም።

ሰላም ለደረትሽ፣ ለጌትሴማኒ ሠፈር! አንጥረኞች፣ ጫማ ሰፊዎች፣ ነጻ የወጡ ጥቁሮችና ክልሶች የኖሩበት ይህ ሠፈር ነው ነጻነትሽን ያዋለደው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1811 ከሥላሴ አደባባይ ተነሥተው፣ በፔድሮ ሮሜሮ አጋፋሪነት ወደ ቅጥሩ ገብተው፣ ከስፔን ፈጽሞ መለየትሽ በአዋጅ እንዲፈረም አስገደዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ጄኔራል ፓብሎ ሞሪዮ ከቦሽ ከ100 ቀን በላይ በረሃብ ስትቀጪ በርሽን አልከፈትሽም፤ ሺዎች በየመንገዱ ወደቁ። ሲሞን ቦሊቫር ጀግናይቱ ከተማ ያለሽ ስለዚህ ነው። ዛሬ ማታ በዚያው አደባባይ ልጆች በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ኳስ ያነጥራሉ፤ አዛውንት ወንበራቸውን ወደ ደጅ አውጥተው ይጫወታሉ፤ ከጋሪ ላይ ውስጡ እንቁላል የተከተተበት የበቆሎ ቂጣ ከዘይት ትኩስ ትኩሱን ይወጣል። ማንም ሳይጋብዘው ሰው እደረጃው ላይ ተቀምጦ ያመሻል።

ስለ በረንዳዎችሽ እንጨትና ከላያቸው ስለሚፈሰው አበባ፣ በየደጁ ስለ ተሰቀሉት የነሐስ አንበሳና ዓሣ መሳይ መምቻዎች ሌላው ይናገር። ጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ተናግሮልሻልና። እ.ኤ.አ. በ1948 ከቦጎታ ብጥብጥ ሸሽቶ መጥቶ በኤል ኡኒቨርሳል ጋዜጣ መጻፍ የጀመረው ወጣት፣ የኖቤል ተሸላሚ ሆኖ በሜክሲኮ ከሞተ በኋላ አመዱ ወዳንቺ ተመልሶ በላ መርሴድ ገዳም ግቢ ዐርፏል። የሚወድሽ መጨረሻው አንቺ ነሽ።

ሰላም ለእግርሽ፣ በኮራል ላይ ለተበተኑት ለሮሳሪዮ ደሴቶች! ጠዋት በጀልባ የሄደ፣ ውኃው ሰማያዊነቱን ሦስት ጊዜ ሲለውጥ አይቶ፣ ቀትር ላይ የተጠበሰ ዓሣ በኮኮናት ወተት ከበሰለ ሩዝ ጋር በልቶ፣ ማዕበሉ ሳይነሣ ይመለሳል።

አሁንስ ፀጉርሽ።

ከቅጥርሽ ውጭ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ ሳን ባሲሊዮ ዴ ፓሌንኬ የሚባል መንደር አለ። ከባርነት ያመለጡት ያቀኑት ነው። መሪያቸው ቤንኮስ ቢዮሆ እ.ኤ.አ. በ1621 በዚሁ በቅጥርሽ ውስጥ ተሰቀለ፤ መንደሩ ግን አልተሰቀለም። ስፔንኛን ከኮንጎ ቃላት ጋር አጋብተው የፈጠሩትን ቋንቋ ዛሬም ይናገሩታል፤ ሙታናቸውን በከበሮ ይሸኛሉ፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2005 ባህላቸውን ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች ቆጠረው። እናቶች የማምለጫውን መንገድ በልጆቻቸው ራስ ላይ ሹሩባ አድርገው ይሠሩት ነበር ብለው ይተርካሉ፤ ጠማማው ጉንጉን ወንዝ፣ ቋጠሮው ዛፍ፣ በውስጡም ለዘር የሚሆን ፍሬ ተደብቆ። ጌታው እያየ አያነብም፤ የሚሸሸው በጨለማ በጣቱ ያነበዋል።

የነዚያ እናቶች የልጅ ልጆች ዛሬ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ ቀሚስ ለብሰው፣ ማንጎና አናናስ የሞላ ሳህን በራሳቸው ተሸክመው በጎዳናዎችሽ ይታያሉ። ሰላም ለፀጉርሽ፣ ካርታሄና! ማምሻውን ከጣፋጮቹ በረንዳ ቅስት ሥር አንዷ ሳህኗን አውርዳ ተቀምጣለች። ትንሽ ልጅ በጉልበቶቿ መካከል ገብታ ራሷን ዝቅ አድርጋለች። የሴትዮዋ ጣቶች ከግንባር ተነሥተው በጆሮ ግንድ ዞረው ወደ ማጅራት ይወርዳሉ፤ አንዱን ጉንጉን ጨርሰው ጫፉን በቀይ ክር ያስራሉ፤ ሁለተኛውን ይጀምራሉ።