ዕጣና አንደበት

ጨዋታ ሁሉ ሚና መልበስ ነው ባይባልም፣ ሚና መልበስ ከሰው ልጅ ጥንታዊ ጨዋታዎች አንዱ መሆኑ አያከራክርም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ከፍኖተ ሰላም አንሥቶ በማንኩሳ በኩል እስከ ቡሬ በተዘረጋው የበቆሎ፣ የጤፍ፣ የዳጉሳና የበርበሬ አገር የሚያድግ ሕፃን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ሚና መልበስን ይማራል። ዕቃ ዕቃ ሲጫወት አባወራና እማወራ፣ አማትና ሙሽራ ይሆናል። ከብት ሲጠብቅ የትልልቆቹን ሙግት እያስመሰለ ከጓደኞቹ ጋር ችሎት ይዘረጋል፤ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ዋስና ዳኛ ይሆናል። በገና ሰሞን ሩር ሲለጋ ደግሞ፣ በሌላው ጊዜ ቀና ብሎ የማያየውን ባለጸጋ በግጥም እንዲሸነቁጥ ባህሉ ራሱ ይፈቅድለታል። በእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ለልጁ የሚሰጠው ሚናው ብቻ ነው፤ ቃሉን የሚያመጣው ከራሱ አንደበት ነው።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች የሚጫወቱትን ባለ ሚና የኮምፒዩተር ጨዋታ ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ሚዛን አይገኝም። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው «ባልዱርስ ጌት 3» የዚህ ዓይነት ጨዋታ ከደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ አንዱ ስለሆነ፣ ብርታቱም ድካሙም የዘርፉ በሙሉ ብርታትና ድካም ነው። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ተጫዋቹ ሚናውን ሲለብስ ቃሉ የማን ነው?

የጨዋታው የዘር ሐረግ ወደ አንድ የወረቀት ጨዋታ ይመዘዛል። የኢትዮጵያ አብዮት በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ብለው የሰየሙትን ጨዋታ አሳተሙ። ጨዋታው ኮምፒዩተር አልነበረውም። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ተራኪም ዳኛም ይሆናል፤ የቀሩት ጦረኛ፣ አስማተኛ ወይም ካህን ሆነው በየሚናቸው ይናገራሉ፤ አደገኛ ድርጊታቸው ይስመር አይስመር ዳይስ ተጥሎ በዕጣ ይለያል። ባዮዌር የተባለው የካናዳ ድርጅት ከዚህ ጨዋታ ሕግ ተነሥቶ የመጀመሪያውን «ባልዱርስ ጌት» በ1991፣ ሁለተኛውን በ1993 ዓ.ም. በኮምፒዩተር አቀረበ። ከዚያ በኋላ የተከታታዩ ወዳጆች ወደ 23 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጠበቁ። ሦስተኛውን የቤልጂጉ የላሪያን ድርጅት ሐምሌ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሙሉ አድርጎ አወጣው፤ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ በተደረገው ዓመታዊ የሽልማት ሥነ ሥርዓትም የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተባለ።

ያለፉትን ሁለቱን የሚያውቅ ወዳጅ ሦስተኛውን ሲጀምር በመጀመሪያ የሚሰማው የጊዜው ለውጥ ነው። የቀድሞዎቹ ውጊያ ሳያቋርጥ የሚፈስ፣ ተጫዋቹ ሲፈልግ ብቻ የሚገታው ነበር፤ አሁን ግን እንደ ገበጣ ተራ በተራ ሆኗል። ለጥድፊያው ለለመደ ሰው ይህ በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ይመስላል። ጥቂት እንደተጫወተ ግን ዝግታው ለማሰብ ፋታ እንደሚሰጥ ይገነዘባል፤ የቆመበት ስፍራ ከፍታ፣ በአጠገቡ የፈሰሰው ዘይት፣ የተንጠለጠለው መብራት ሁሉ ትርጉም ያገኛል። ሁለተኛው ስሜት የነፃነት ነው። ጨዋታው የተዘጋውን በር በቁልፍ፣ በጉልበት፣ በአስማት ወይም በልመና እንዲከፈት ይፈቅዳል። ከእንስሳ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ሬሳን አስነሥቶ አምስት ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። ሦስተኛው የጓደኞቹ ሕያውነት ነው። ከተጫዋቹ ጋር የሚጓዙት ገጸ ባሕርያት የየራሳቸው ቁስል፣ እምነትና ቁጣ ስላላቸው እንደ ሎሌ አይታዘዙም፤ ክፉ ሥራ ሲሠራ አኩርፈው፣ ሲብስም ጥለውት ይሄዳሉ። ከእነርሱም አንዱ የሆነውን አስታሪዮንን በድምፅና በእንቅስቃሴ የተጫወተው ኒል ኒውቦን በዚያው የሽልማት መድረክ የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ማግኘቱ፣ ሥራው ለትወና ጥበብ የሰጠውን ክብደት ያሳያል።

የይዘቱን ጥልቀት ለመረዳት ግን በመጀመሪያው ክፍል የሚገኘውን አንድ ችሎት መመልከት ይበቃል። ከከተማቸው የተፈናቀሉ ስደተኞች፣ የተፈጥሮ ካህናት በሚኖሩበት ጫካ ተጠግተዋል። የካህናቱ አለቃ በጠላት እጅ ወድቋል፤ በእርሱ ቦታ ሥልጣኑን የያዘችው ካጋ የተባለች ካህን እንግዶቹን አስወጥታ ጫካውን በእሾህ አጥር ለመዝጋት ቆርጣለች። በዚህ መካከል አራቤላ የምትባል የስደተኞች ልጅ የጫካውን ቅዱስ ምስል ሰርቃ ትያዛለች። እባብ አፏን ከፍታ ከልጅቱ ፊት ቆማለች፤ ወላጆቿ ከደጅ ያለቅሳሉ፤ ተጫዋቹ ገብቶ እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል።

ይህ ትዕይንት የቡሬንም ሆነ የፍኖተ ሰላምን ተመልካች ባዳ ነገር አይሆንበትም። ቡሬ የጎጃምና የወለጋ መንገድ የሚገናኝባት፣ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣና የሚሄድ ነጋዴ የሚያድርባት ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት፤ የፍኖተ ሰላምም ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። መንገደኛን ማሳደርና አለማሳደር፣ ጥፋተኛውን በዕድሜው ወይስ በጥፋቱ መፍረድ፣ የአንድ ልጅ ስርቆት በወገኖቹ ሁሉ ላይ ይላከክ ወይስ አይላከክ የሚሉት ጥያቄዎች በእነዚህ ደጆችም ሲነሡ የኖሩ ናቸው። ደራሲያኑ ድራማውን ከአፈ ታሪክ ጭራቆች አንሥተው በሰው ልጅ መፈናቀልና በባለሥልጣን ፍርሃት ላይ መመሥረታቸው የሥራው ትልቁ ድል ነው።

ድካሙም እዚያው ላይ ይጀምራል። ተጫዋቹ ለልጅቱ ለመከራከር ሲነሣ ጥቂት የተጻፉ ዐረፍተ ነገሮች ይቀርቡለታል። አንዱን ይመርጣል፤ ከዚያ ባለ 20 ገጹ ዳይስ በመስኮቱ ላይ ይንከባለላል። የተፈለገው ቁጥር ከወጣ ልጅቱ ትድናለች፤ ካልወጣ እባቧ ትነድፋትና ትሞታለች። በጎ ሐሳብ ያለው ሰው ያንኑ መልካም ቃል ተናግሮ ሊሸነፍ፣ ደንታ ቢስ የሆነውም ያንኑ ቃል መርጦ ሊያሸንፍ ይችላል። በሌላ አነጋገር ንግግሩ የደራሲው ነው፤ ውጤቱ የዕጣው ነው፤ ለተጫዋቹ የቀረለት ጣቱን መጫን ነው።

በአንጻሩ የበላ ልበልሃን ሥርዓት እናስታውስ። ተሟጋቹ ሸማውን አደግድጎ፣ በትሩን ይዞ፣ ተቃዋሚውን በ«ተጠየቅ» አፋጥጦ በሕዝብ ፊት ይቆማል። ምስክርና ማስረጃ ቢኖረውም ነገሩን በምሳሌ ማዋዛት፣ በግጥም ማሠር፣ በማር ወይም በበቅሎ ተወራርዶ ባላጋራውን ማስደንገጥ ይጠበቅበታል። በአደባባዩ ዙሪያ የተቀመጠው ሕዝብ ሕግን የሚማረው፣ ቋንቋን የሚቀስመው ከዚያ ነው። የእረኞቹም ችሎት የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ከብቱ እህል የገባበት ልጅ በጨዋታው ችሎት ለመርታት ቃል መፍጠር አለበት፤ የሚያዘጋጅለት ደራሲም፣ የሚጥልለት ዳይስም የለም። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጨዋታ ሚና ውስጥ የሚነገረው የራስ ቃል የአገርን ስሜት ይገልጣል ተብሎ ስለታመነበት ነው።

ሆኖም ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲያዘነብል ማድረግ ከሂስ ተግባር ውጭ ነው። አንደበት የነገሠበት ችሎት ሁልጊዜ የፍትሕ ችሎት አልነበረም። አፉ የተፈታው፣ ነገረ ፈጅ ለማቆም አቅም ያለው ባለጸጋ እውነት የያዘውን ምስኪን ሲረታ ኖሯል፤ ቃል ያጠረው ገበሬ መሬቱን ያጣበት፣ ሴቲቱ በሰው አፍ ብቻ የተናገረችበት አደባባይ እንደነበረ መካድ አይቻልም። ከዚህ አንጻር ሲታይ ዕጣ የራሱ ፍትሕ አለው። ተብታባውንና ርቱዑን፣ የተማረውንና ያልተማረውን አይለይም። በጨዋታው ውስጥ ከኮልታፋ ልጅ ጀርባ ቆሞ «ጣለው፣ ዕድልህን ሞክር» የሚለው ዳይስ፣ በዕውኑ ዓለም አፍሮ ዝም የሚለውን ሰው ተሟጋች ያደርገዋል። ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ነገር ግን ስጦታው የተሟላ የሚሆነው ሰውየው ለመረጠው ነገር ኃላፊ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ ጨዋታው ሁለተኛ ፈተና ይገጥመዋል። ተጫዋቹ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት የደረሰበትን በማኅደር አስቀምጦ፣ ልጅቱ ከሞተች ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሊጥል ይችላል። እስኪሳካ ድረስ ደጋግሞ የሚመለስ ተጫዋች ኀዘንን አያውቅም፤ ኀዘን የሌለበት ምርጫም ምርጫ አይባልም። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚለው የአገር ብሂል እዚህ አይሠራም። አዘጋጆቹም ይህን ሳይገነዘቡት አልቀሩም። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ባወጡት ማሻሻያ «ክብር» የሚል ስም ያለው የአጨዋወት ስልት ጨምረዋል፤ በዚህ ስልት ማኅደሩ አንድ ብቻ ነው፤ የሆነው ሆኗል፤ የተጓዦቹ ቡድን በሙሉ ከሞተ ጉዞው ያበቃል። ስሙ ተገቢ ነው። በምዕራብ ጎጃምም ክብር ማለት የተናገሩትን አለማጠፍ ነውና። የሚያሳዝነው፣ ይህ የጨዋታው ልብ መሆን ሲገባው ለደፋሮች የተተወ አማራጭ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ሦስተኛው ፈተና የሚናው አመጣጥ ነው። በጨዋታው ሰው ዘሩን፣ ሙያውን፣ መልኩን፣ ድምፁን ሳይቀር ይመርጣል። የሚወዱት ሰዎች ከሚያነሡት ምክንያት ዋነኛው ይህ ምርጫ ነው። ኪነ ጥበብ ግን ሌላም እውነት አለው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የማንኩሳው ልጅ በዛብህ ሚናውን አልመረጠም፤ ወላጆቹ በስለት ሰጥተውታል። ጉዱ ካሳም እውነት ስለተናገረ የእብድ ሚና ተጭኖበታል። የልቦለዱ ኃይል የሚመነጨው ሰው ከተጫነበት ሚና ጋር ከሚያደርገው ትግል ነው። «ባልዱርስ ጌት 3» ወደዚህ እውነት የሚቀርበው በመጨረሻው ክፍል ነው፤ ቤተሰቦቻቸው ከባሕር በታች በታሰሩባቸውና ለአምባገነኑ የብረት ወታደር እንዲሠሩ በተገደዱት የጎንድ ባለ እጆች ታሪክ። እነርሱ ሚናቸውን አልመረጡም፤ ተጫዋቹም ከሁሉ ይልቅ የሚነካው በእነርሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለምዕራብ ጎጃም መምህርና አርቲስት የሚቀረው ትምህርት ምንድን ነው? ጨዋታውን እንዳለ ማምጣት አይደለም። በኮምፒዩተር ላይ 150 ጊጋባይት ቦታ የሚጠይቅና ለእጅ ስልክ ያልተዘጋጀ ሥራ ለብዙው ወጣት ሩቅ ነው። ከተተረጎመባቸው ቋንቋዎች መካከልም አማርኛ የለም፤ በንግግር ላይ የቆመን ጨዋታ በባዕድ ቋንቋ መጫወት ደግሞ ሚናውን በግማሽ መልበስ ነው። የሌላው ልምድ ግን መንገድ ያሳያል። የካሜሩኑ ኪሮኦ ድርጅት በ2008 ዓ.ም. «አውሪዮን» የተባለ ባለ ሚና ጨዋታ ከአፍሪካ አፈ ታሪክ ቀድቶ አውጥቷል፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስም ገበጣን ወደ እጅ ስልክ አምጥቷል።

ከሁሉም በላይ ሊታወስ የሚገባው፣ ይህ ታላቅ ዘርፍ የተጀመረው በወረቀት፣ በእርሳስና በዕጣ መሆኑ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሚያስተምር የአማርኛ መምህር ከዚህ የበለጠ መሣሪያ አያስፈልገውም። ከተማሪዎቹ አራቱን ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ዋስና ዳኛ አድርጎ፣ ከብት እህል ገባ የሚል ክስ ቢያቀርብላቸው፣ የጎደለውን ማስረጃ በጠጠር ዕጣ ቢለይና ቃሉን ግን ለአንደበታቸው ቢተውላቸው፣ ከላሪያን ሥራ የጎደለው ነገር በክፍሉ ውስጥ ይገኛል። ዝምተኛዋ ልጅ በዕጣው ምክንያት ዳኛ ትሆናለች፤ ዳኛ ከሆነች በኋላ ግን ፍርዱን በራሷ ቃል መናገር ይኖርባታል። ዕጣው የሚያመጣላት ወንበሩን ብቻ ነው።

አርቲስቶችም የእረኞቹን ችሎት፣ የዕቃ ዕቃውን ሠርግና የገናውን ዘለፋ ከማለፋቸው በፊት በድምፅና በጽሑፍ ሊሰበስቧቸው ይገባል። ነገ ባለ ሚና የኮምፒዩተር ጨዋታ በአማርኛ ሲሠራ ጥሬ ዕቃው እነርሱ ናቸው። «ባልዱርስ ጌት 3» ለዓለም ያበረከተው ሕፃን ሌባን ለፍርድ አቅርቦ የተመልካቹን ኅሊና መጠየቁ ነው፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። ጥያቄውን የሚመልሰው ግን ዳይስ ሳይሆን የሰው ቃል የሚሆንበት ጨዋታ ገና አልተሠራም፤ የሚሠራውም ልጆቹ ዛሬም በየመስኩ ችሎት ከሚዘረጉበት አገር ቢወጣ ተገቢ ይሆናል።